የባሕርተኞች ባለውለታ ኮሊን አርቸር (1832–1921)

ስመ ጥር ሰው ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን ቶሎ የሚመጣው ጦር የመራ ንጉሥ ወይም አገር ያቀና መስፍን ነው። ነገር ግን በአንዲት አነስተኛ የወደብ ከተማ ተቀምጦ፥ ማስመሪያና መጥረቢያ ይዞ፥ የብዙ ሰዎችን ነፍስ ከሞት ያተረፈ ሰውም ከታላላቆቹ ተራ ሊቆጠር ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሰው የኖርዌዩ የመርከብ ንድፍ አውጪ ኮሊን አርቸር ነው። ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማቅረብ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ የመጽሐፍን ዕውቀት ከእጅ ሥራ ጋራ አስማምቶ የኖረ ሰው ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፥ ያገኘውን ዕውቀት ለሀብታሞች መዝናኛ ብቻ ሳያደርግ፥ በዕለት እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕር ለሚወጡ ድኾች ስላዋለው ነው።

ከባሕር ርቀን የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን፥ ስለ ጀልባ አሠራር የሚነገረውን ሁሉ በቀላል ቃል ለመግለጽ እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ኮሊን አርቸር በጁላይ 22 ቀን 1832 ዓ.ም. በደቡብ ኖርዌይ፥ ላርቪክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱና እናቱ ግን የስኮትላንድ ተወላጆች ነበሩ፤ አባቱ ነጋዴ ስለ ነበረ ለሥራው ሲል በ1825 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኖርዌይ ተሻገረ። የአርቸር ቤተ ሰብ ብዙ ልጆች የነበሩበት ሲሆን፥ ኮሊን ከኋለኞቹ ልጆች አንዱ ነበረ። መኖሪያቸው ቶለሮደን የሚባለው ቤት በባሕሩ ዳርቻ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ኮሊን በመስኮት ሲመለከት የሚያየው ሸራቸውን ዘርግተው የሚገቡና የሚወጡ መርከቦችን፥ ከዓሣ አጥማጆችም ጀልባዎች የሚወርደውን ሰውና ሸክም ነበር። የጀልባ ትምህርት የጀመረው በዚህ ዓይነት፥ ገና ፊደል ሳይጠና በዓይኑ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን የኖርዌይ ጠረፍ ሰዎች ሕይወት ከባሕር ጋራ የተሳሰረ ነበር። የአገሩ መሬት ተራራና ድንጋይ የበዛበት ስለ ሆነ እርሻው አነስተኛ ነው፤ ሕዝቡ የሚበላውንም የሚሸጠውንም ከባሕር ያወጣል። ባሕሩ ግን የሚሰጠውን ያህል ይወስድም ነበር። በአንድ ማዕበል የብዙ ቤተ ሰብ አባቶችና ወንዶች ልጆች አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ይህን ኀዘን ኮሊን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ወደ ሩቅ አገር መሄዱ

የአርቸር ወንድሞች አብዛኞቹ ዕድላቸውን ለመሞከር ወደ አውስትራሊያ ሄደው በዚያ በጎች ያረቡ ነበር። ኮሊንም ወጣት ሳለ ኖርዌይን ትቶ ወንድሞቹን ተከተለ። የአርቸር ወንድሞች በ1855 ዓ.ም. በምሥራቅ አውስትራሊያ፥ በኩዊንስላንድ ምድር፥ ከፊትዝሮይ ወንዝ አጠገብ ግሬስሚር የተባለውን ሰፈር መሠረቱ። መሬቱ ከጥንት ጀምሮ የዳሩምባል ሕዝብ ስለ ነበረ፥ የነጮቹ መስፈር ለነዚያ ባለቤቶች የመፈናቀል መጀመሪያ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም።

በዚህ ሥራ የኮሊን ድርሻ የባሕሩ ወገን ነበር። ኤሊዳ በምትባል አነስተኛ የሸራ ጀልባ ስንቅና ዕቃ ጭኖ በጠረፉ በኩል ከተጓዘ በኋላ፥ ጥልቀቱ ባልታወቀ ወንዝ ውስጥ እየለካ ወደ ላይ ወጣ። አሸዋ ተከምሮ ጀልባን ሊይዝ በሚችልበት ውሃ መሄድ ለአንድ መሪ ከባድ ፈተና ነው። ጀልባ ከታች ምን ያህል ወደ ውሃ እንደምትገባ፥ መሬት ስትነካም ምን እንደሚደርስባት ኮሊን የተማረው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በዚህ ሥራ ላይ ነው።

በአውስትራሊያ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ግን በ1861 ዓ.ም. ወደ ላርቪክ ተመለሰ። ምክንያቱም አባትና እናቱ አርጅተው ስለ ነበረ የሚጦራቸው ልጅ ያስፈልግ ስለ ነበረ ነው። ዘመዶቹ በሩቅ አገር ሀብት ሲያከማቹ፥ እርሱ ወደ ወላጆቹ ቤት መግባቱ በዚያን ጊዜ ዕድልን እንደ መተው ሊቆጠር ይችል ነበር። ነገር ግን ስሙ በዓለም እንዲታወቅ ያደረገው ሥራ የተጀመረው በዚያው በወላጆቹ ቤት ነው።

ራሱን ማስተማሩ

በዚያ ዘመን የኖርዌይ ጀልባ ሠሪዎች ጥበባቸውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፉ፥ እጃቸው የሠለጠነ ሰዎች ነበሩ። የሚሠሩት ግን በዓይን ግምትና በልምድ እንጂ በስሌት አልነበረም። አንድ ጀልባ መልካም ሆና ስትገኝ ሁለተኛይቱን እርሷን አስመስለው ይሠራሉ፤ መጥፎ ሆና ስትገኝ ግን ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ በእርግጥ የሚያውቅ አይኖርም።

አርቸር ይህን ነገር ለማረም ቆርጦ ተነሣ። ትልቁ የስዊድን የመርከብ ሊቅ ፍሬድሪክ አፍ ቻፕማን የጻፋቸውን መጻሕፍት አጠና፤ የእንግሊዞችንም አዲስ ጥናት ተከታተለ። ለአንድ ጀልባ ሥራ አስቀድሞ ንድፉን በወረቀት ላይ ያወጣል፥ ክብደቷን ያሰላል፥ በውሃ ውስጥ የምትይዘውንም ቦታ ይለካል። ከዚያ በኋላ ብቻ እንጨት ይቆረጣል። መጀመሪያ የሠራው በመኖሪያ ቤቱ ግቢ በባሕሩ ዳር ሲሆን፥ ኋላ ሥራው ሲሰፋ በላርቪክ አጠገብ በሬከቪክ የመርከብ መሥሪያ ቦታ አቋቋመ።

ከጥናቱ ሁሉ የታወቀው ስለ ሞገድ ያደረገው ነው። መርከብ ስትሄድ ከፊቷ ያለውን ውሃ ትገፋለች፤ ከኋላዋ የተወችውን ቦታም ውሃው ተመልሶ ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ሞገድ ይነሣል፤ ሞገድ የሚነሣውም ከመርከቢቱ ኃይል ተወስዶ ነው። ስኮት ረስል የተባለ የስኮትላንድ መሐንዲስ የመርከብ የጎን መስመር የሞገድን ቅርጽ ቢከተል መልካም ይሆናል ብሎ አስተምሮ ነበር። አርቸር ግን አሳቡን ወደ ፊት ገፋው። መከተል የሚገባው የጎን መስመሩ ብቻ ሳይሆን፥ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ በውሃ ውስጥ የሚጠልቀው የአካሏ ይዘት ነው፤ ይህም ይዘት ቀስ በቀስ እየጨመረ፥ ቀስ በቀስም እየቀነሰ የሚሄደው በሞገድ ሥርዓት መሆን አለበት አለ። ይህን ጥናቱን በ1870ዎቹ ዓመታት ለለንደን የመርከብ ንድፍ ሊቃውንት ማኅበር አቀረበ። በትንሽ ከተማ ራሱን ያስተማረ ሰው በዓለም ከታወቁት ሊቃውንት ጋራ እንዲህ በእኩል ለመነጋገር መብቃቱ የሚያስደንቅ ነው።

የመርከብ አስገቢዎች ጀልባ

የአርቸር ስም በኖርዌይ ጠረፍ መሰማት የጀመረው በመርከብ አስገቢዎች ጀልባ ምክንያት ነው። መርከብ አስገቢ ማለት የአገሩን ባሕር፥ አለቱንና የውሃውን ጥልቀት አጥርቶ የሚያውቅ፥ ከውጭ የሚመጣውን መርከብ እየመራ ወደ ወደብ የሚያስገባ ሰው ነው። ይህ ሰው ሥራ ለማግኘት መርከቡን ከባሕር ዳር ሆኖ አይጠብቀውም፤ በትንሽ ጀልባ ወደ ሰፊው ባሕር ወጥቶ ይገናኘዋል። ማዕበል በተነሣበት ቀን እርዳታው ይበልጥ ስለሚፈለግ፥ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሸሽ እርሱ ይወጣል።

ከመርከብ አስገቢው ጋራ ብዙ ጊዜ የሚሄደው አንድ ረዳት ልጅ ብቻ ነበር። አስገቢው ወደ ትልቁ መርከብ በወጣ ጊዜ፥ በጀልባዋ ውስጥ የሚቀረው ያ ልጅ ብቻውን ነው። ጨለማም ቢሆን፥ በረዶም ቢወርድ፥ ጀልባዋን ወደ ቤት የሚመልሳት እርሱ ነው። በእኛ ዕድሜ የሚሆን ልጅ ከማዕበል ጋራ ብቻውን ሲታገል ማሰብ ነው። እንግዲህ ጀልባዋ ጠንካራ ብቻ ሳትሆን፥ የአንድን ልጅ እጅ የምትታዘዝ መሆን ነበረባት።

የጥንቶቹ ጀልባዎች ቀላልና ፈጣን ቢሆኑም ከላይ ክፍት ስለ ነበሩ፥ ትልቅ ሞገድ ከገባባቸው ሞልተው ይሰጥማሉ። እንዳይገለበጡም በሆዳቸው ድንጋይ ይጫን ነበር። ጀልባዋ በጎን ስታዘነብል ግን ድንጋዩ ከስፍራው ይንሸራተትና ጥፋቱን ያፋጥነዋል። ብዙ መርከብ አስገቢዎችና ረዳቶቻቸው የጠፉት በዚህ ዓይነት ነበር።

አርቸር የሠራላቸው ጀልባ ከዚህ የተለየች ነበረች። ከላይ በጣውላ ወለል ከደናት፤ ሞገድ ቢወጣባትም ውሃው በጎን ይፈስሳል እንጂ ወደ ሆዷ አይገባም። የጎኗን ሳንቃዎች አንዱን በአንዱ ላይ ከመደረብ ይልቅ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አለሰለሳቸው። በድንጋዩ ፈንታም ከታች ካለው እንጨት ሥር ከባድ ብረት አሰረባት። በልማድ የኖሩ ባሕርተኞች ብረት ከታች የታሰረባትን ጀልባ በመጀመሪያ በጥርጣሬ ዓይን ማየታቸው አያስደንቅም። ነገር ግን እነዚህ ጀልባዎች ሌሎቹ መውጣት ባልቻሉበት ቀን ወጥተው መመለሳቸው ሲታይ፥ ጥርጣሬው እየቀረ ሄደ፤ ከጠረፉ ከተሞችም ሁሉ ትእዛዝ ይመጣለት ጀመር።

ረጅሙ ኪል ምንድን ነው?

ለዚህች ጀልባ መሠረቷ ኪል የሚባለው ክፍል ነው። ኪል ማለት ከጀልባ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ወፍራም ግንድ ሲሆን፥ ለሰው የጀርባ አጥንት እንደ ሆነው ሁሉ ለጀልባም እንዲሁ ነው። የጎን አጥንቶቿ የሚነሡት ከእርሱ ላይ ነው። በአርቸር ጀልባዎች ኪሉ ከፊት ጫፍ አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ኋላ መሪው ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ወደ ታችም በውሃ ውስጥ በጥልቀት ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም ኪል ያላት ጀልባ ትባላለች።

ጥቅሙ በአራት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፥ ነፋስ ከጎን ሲመታት ኪሉ ውሃውን ይዞ ወደ ጎን እንዳትገፋ ይከላከላታል። ሁለተኛ፥ መንገዷን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ መሪውን የያዘው ሰው ደክሞት ጥቂት ቢለቀው እንኳ ቶሎ ዞር አትልም። ሦስተኛ፥ ከታች የታሰረው ብረት እጅግ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፥ ሞገድ በጎኗ ቢያጋድላት ተመልሳ ትቃናለች። አራተኛ፥ መሬት ወይም አለት ብትነካ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚቀበለው ጠንካራው ኪል ነው፤ መሪዋም ከኪሉ ኋላ ተጠግቶ ስለ ተሰቀለ በቀላሉ አይሰበርም።

የኋላ ጫፏም ልዩ ነው። በብዙ ጀልባዎች ኋላው ጠፍጣፋ ሲሆን፥ የአርቸር ጀልባዎች ኋላ እንደ ፊቱ ሹል ነው። ከኋላ እየሮጠ የሚመጣ ትልቅ ሞገድ ጠፍጣፋውን ቢያገኝ ይገፋውና ጀልባዋን አዙሮ ሊገለብጣት ይችላል፤ ሹሉን ሲያገኝ ግን ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ያልፋል። ስፋቷም የርዝመቷን ሢሶ ያህል ስለ ሆነ በሞገድ ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች። ማዕበሉ ከአቅም በላይ ሲሆን፥ ሸራዎቹን እርስ በርሳቸው እንዲቃረኑ አድርጎ መሪውን ማሰር ነው፤ ጀልባዋ ሳትሄድ ፊቷን ወደ ሞገዱ አዘንብላ እስኪያልፍ ድረስ ትጠብቃለች።

ይሁን እንጂ ጉድለት የሌለው ሥራ የለም። ረጅም ኪል ያላት ጀልባ ለመዞር ትዘገያለች፤ በጠባብ ወደብ ወደ ኋላ ማስኬዷም አስቸጋሪ ነው። በውሃ የሚታሸው አካሏ ሰፊ፥ ክብደቷም ብዙ ስለ ሆነ ነፋስ በቀነሰ ጊዜ ታዘግማለች። በውድድር ቀን ቀላሎቹ ጀልባዎች ይቀድሟታል። አርቸር ይህን ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሚሠራው በማዕበል ሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ለሚገባው ሰው ስለ ነበረ፥ ከፍጥነቱ አንድ ነገር ቢጎድል ደኅንነትን መረጠ።

ፍራምን መሥራቱ

በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ወጣቱ የኖርዌይ ተመራማሪ ፍሪድቾፍ ናንሰን አንድ እንግዳ አሳብ ይዞ ተነሣ። ዣኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ በ1881 ዓ.ም. በሳይቤሪያ ሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ስብርባሪዋ በሌላው ወገን በግሪንላንድ ዳርቻ ተገኘ። ናንሰን ከዚህ ተነሥቶ፥ በረዶው ራሱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተንሳፈፈ ይሄዳል፤ እንግዲህ የማትሰበር መርከብ ብትገኝ በበረዶው ውስጥ ታስራ ወደ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ መድረስ ይቻላል ብሎ አሰበ። በለንደን የነበሩ ስመ ጥር የዋልታ መርከበኞች ይህን ሲሰሙ አብዛኞቹ ተቃወሙት። የበረዶን ጭነት የሚችል መርከብ የለም ብለው ያምኑ ነበርና።

ናንሰን መርከቢቱን እንዲሠራለት የጠየቀው አርቸርን ነው። እዚህ ላይ የአርቸር አስተዋይነት ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ ለጀልባ ጥልቅ ኪል ሲሠራ የኖረ ሰው፥ ለዚህች መርከብ ግን ኪሉ ከሥር እንዳይወጣ አድርጎ ሸፈነው። ምክንያቱም በባሕር ላይ መድኃኒት የሆነው ኪል በበረዶ መካከል ጥፋት ይሆናል፤ በረዶው የሚይዘው ነገር ካገኘ አይለቅም። ስለዚህ ጎኖቿን ክብና ለስላሳ አደረጋቸው፤ በረዶው ሲጨምቃት፥ በሁለት ጣት መካከል ተጨምቃ እንደምታመልጥ የሎሚ ፍሬ ወደ ላይ እንድትወጣ ነው። መሪዋና የሞተሯ መዘውር ወደ ውስጥ እንዲሳቡ ተደረገ። ጎኗ በብዙ ድርብ እንጨት ተሠርቶ ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ሆነ፤ ሰዎቹ በብርድ እንዳይጎዱም በግድግዳው መካከል ብርድ የሚከላከል ነገር ተሞላ። ርዝመቷ 39 ሜትር፥ ስፋቷ 11 ሜትር ያህል ነበረ። በኦክቶበር 26 ቀን 1892 ዓ.ም. ወደ ውሃ ስትወርድ ፍራም ተብላ ተሰየመች፤ ትርጓሜውም ወደ ፊት ማለት ነው።

ፍራም በ1893 ዓ.ም. 13 ሰዎች ይዛ ሄደች፤ በዚያው ዓመት መስከረም በበረዶ ተያዘች። ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ከዓለም ጋራ ግንኙነት አልነበራትም። በጃንዋሪ 1895 ዓ.ም. እንደ ኮረብታ የተከመረ በረዶ በላይዋ ሲመጣ፥ ሰዎቹ ትተዋት ለመሄድ ስንቃቸውን አዘጋጁ፤ እርሷ ግን ጸንታ ቆየች። ናንሰንና ጓደኛው ዮሃንሰን ከመርከቢቱ ወርደው በእግር ወደ ዋልታው በመገስገስ እስከዚያ ዘመን ሰው ካልደረሰበት ስፍራ ደረሱ፤ ወደ ኖርዌይ የገቡትም በኦገስት 13 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት ፍራምም ከበረዶው ተላቀቀች፤ ከሰዎቿም አንድ እንኳ አልጠፋም። መርከቢቱ ከዚያ ወዲያ ስቬርድሩፕን ከ1898 እስከ 1902 ዓ.ም. ወደ ሰሜን፥ አሙንድሰንንም በ1910 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ዋልታ ጉዞው አደረሰች። ዛሬ በኦስሎ በራሷ ቤተ መዘክር ተቀምጣ ትገኛለች።

የነፍስ አድን ጀልባዎች

ፍራም የአርቸርን ስም በዓለም ሁሉ አሰማች። የጠረፉ ሕዝብ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስታውሰው ሌላውን ሥራውን ነው። ኦስካር ቲብሪንግ የተባለ ሐኪም በባሕር የሚጠፋው ሰው ብዛት አሳዝኖት ወገኖቹን ሲያሳስብ ከቆየ በኋላ፥ በ1891 ዓ.ም. የኖርዌይ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበር ተቋቋመ። በሌሎች አገሮች የነፍስ አድን ጀልባ በባሕር ዳር ተቀምጣ አደጋ ሲሰማ ትወጣ ነበር። የኖርዌይ ጠረፍ ግን ረጅም ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹም ከዳር ርቀው ይሠራሉ፤ እስኪጠሯት ብትጠብቅ አትደርስም። ስለዚህ በክረምትም በበጋም ከአጥማጆቹ ጋራ በባሕር ላይ የምትውልና የምታድር ጀልባ ተፈለገች። ሌሎቹ ከማዕበል ሲሸሹ እርሷ ወደ ማዕበሉ መሄድ፥ ሸራቸው የተቀደደባቸውንም እየጎተተች ወደ ወደብ ማምጣት አለባት፤ ይህንም ሁሉ የምታደርገው ያለ ሞተር በሸራ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው የአርቸር ንድፍ ሆነ። በ1893 ዓ.ም. በእርሱ እጅ ከተሠሩት የማኅበሩ ጀልባዎች መጀመሪያይቱ በራሱ ስም ኮሊን አርቸር ተባለች። ርዝመቷ 14 ሜትር፥ ስፋቷ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ፥ በውሃ ውስጥ የምትጠልቀውም ከ2 ሜትር በላይ ነበረ። ሁለት ምሰሶ ያላት፥ ኋላዋ ሹል፥ ኪሏ ረጅም ነበረች።

ፈተናዋ ሳይዘገይ መጣ። በሜይ 20 ቀን 1894 ዓ.ም. በሰሜን ኖርዌይ ጫፍ፥ ከቫርዶ ከተማ ወዲያ ሐምኒንግበርግ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት ብርቱ ማዕበል ተነሣ። መንደሩ ከነፋስ የሚከልል መልካም ወደብ አልነበረውም፤ በዚያ የቆሙት የአጥማጆች መርከቦች መልሕቃቸው እየተነቀለ ወደ አለቱ ይገፉ ጀመር። የጀልባዋ አዛዥ ኒኮላይ አንቶኒሰን ከጥቂት ሰዎቹ ጋራ ሸራውን አሳጥሮ በሞገዱ መካከል ገባ። ከሚሰጥሙት መርከቦች ሰዎችን ተቀብሎ ወደ ቫርዶ አደረሰ፤ በዚህም ሳይበቃው እንደ ገና ተመልሶ የቀሩትን አወጣ። በዚያ ቀን በሁለት ጊዜ ጉዞ 36 ነፍስ ዳነ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለች ጀልባ ምን ትጠቅማለች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን መልሱን ራሷ ሰጠች። ማኅበሩም በዚያው ንድፍ ሌሎች ብዙ ጀልባዎች አሠርቶ በጠረፉ ላይ አቆመ። መጀመሪያይቱ ጀልባ ከአገልግሎት ከወጣች በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ ኖርዌይ ተመልሳ ታደሰች።

ሽምግልናውና የሥራው ፍሬ

ኮሊን አርቸር በሕይወቱ ዘመን ወደ 200 የሚጠጉ ጀልባዎችንና መርከቦችን ሠራ። ስሙ ሲገን ከላርቪክ አልወጣም፤ በተወለደባት ከተማ ኖሮ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1921 ዓ.ም. በ88 ዓመቱ ዐረፈ። በካናዳ ሰሜን በዴቨን ደሴት ያለ አንድ ልሳነ ምድር በስሙ ይጠራል።

የሥራው ፍሬ ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። በ1920ዎቹ ዓመታት ዊልያም አትኪን የተባለ የአሜሪካ ንድፍ አውጪ የነፍስ አድኗን ጀልባ ቅርጽ አሳንሶ፥ ጥቂት ሰዎች ለረጅም ጉዞ የሚሄዱባት ጀልባ ነደፈ። በዚያ ንድፍ በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ ሱሃይሊ የምትባል ጀልባ ተሠራች። እንግሊዛዊው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን በእርሷ በጁን 14 ቀን 1968 ዓ.ም. ብቻውን ከአገሩ ወጥቶ፥ በየትም ወደብ ሳይቆም ዓለምን ዞሮ፥ ከ312 ቀን በኋላ በኤፕሪል 22 ቀን 1969 ዓ.ም. ተመለሰ። ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በዚያ ውድድር ከተነሡት 9 ሰዎች መካከል የጨረሰው እርሱ ብቻ ነበረ፤ ጀልባውም ከፈጣኖቹ አንዷ አልነበረችም።

ዛሬ የሚሠሩት የሸራ ጀልባዎች አብዛኞቹ አጭር ኪል ያላቸው፥ ቀላልና ፈጣን ናቸው። ሆኖም በሰፊው ውቅያኖስ ብዙ ወር የሚቆዩ ሰዎች አሁንም አንዳንዶቹ ረጅሙን ኪልና ሹሉን ኋላ ይመርጣሉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፥ ከዚህ ሰው ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አርቸር የአባቶቹን ጥበብ አልናቀም፤ ነገር ግን እንዳለ አልተቀበለውም፤ በስሌት መረመረው፥ ጉድለቱንም አረመ። ለባሕር ጥልቅ ኪል፥ ለበረዶ ክብ ጎን መስጠቱ፥ መልሱን ከማዘጋጀቱ በፊት ጥያቄውን አጥብቆ ይመረምር እንደ ነበረ ያሳያል። ወደ ወላጆቹ ቤት በመመለሱም ዕድሉ አልጠፋበትም። ከሁሉም በላይ፥ ንድፍ በሚያወጣ ጊዜ ወረቀቱን ብቻ አይመለከትም ነበር፤ በጨለማ ጀልባ ብቻውን የሚመልሰውን ልጅ፥ በቤትም ሆና የምትጠብቀውን እናት ያስብ ነበር። እኛም ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም፥ መምህር ወይም አናጢ ብንሆን፥ ሥራችን ለማን እንደ ሆነ ካልረሳን መንገዱን አንስተውም።